የሰኞ መንገድ

«ተመላላሽ» የሚለው ቃል ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው በሐኪም ቤት ነው። አልጋ ይዞ የማይተኛ፣ ድኖም ያልተሰናበተ፣ እየሄደ እየመጣ የሚታከም ሰው ተመላላሽ ይባላል። በአዲስ አበባ ዳርቻና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች ግን ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ሌላ ዐይነት ተመላላሽ ተፈጥሯል። ጎሕ ሳይቀድ ከቤቱ ይወጣል፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይመለሳል። ቤት አለው፤ ቤቱን በብርሃን የሚያየው ግን እሑድ እሑድ ብቻ ነው። ለዚህ ሰው የተለየ ስም ገና አልወጣለትም።

የጥንቱ አዲስ አበቤ እንዲህ ያለውን ኑሮ አያውቅም ነበር። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ በየጉብታው ሠፈሩ፤ ሎሌው፣ አንጥረኛው፣ ጠጅ ጣዩና ወታደሩ በጌታው አጥር ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። የደጃች ውቤ ሠፈርም፣ የራስ ተሰማ ሠፈርም፣ ሌላውም በዚሁ ሥርዐት የበቀለ ነው። ሥርዐቱ የጌታና የሎሌ ሥርዐት መሆኑ አይዘነጋም። ይሁን እንጂ ድኻው ከሥራው በእግሩ የሚደርስበት፣ ከባለጸጋው ግድግዳ ተጠግቶ የሚያድርበት ከተማ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ተላለፉ። ተከራዩ በነበረበት ቀረ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ጣራው ያፈሳል፣ ግድግዳው ያዘማል፣ መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ነገር ግን የቀበሌ ቤት ነዋሪ ለመንገድ የሚከፍለው ዕድሜ አልነበረውም።

ይህ ታሪክ የሚነሣው ከእንዲህ ያለ ቤት ነው። በአራዳ አካባቢ በአንድ የቀበሌ ቤት አንድ መምህር፣ ነርስ የሆነች ባለቤቱ፣ ሁለት ልጆቻቸውና የመምህሩ እናት ይኖሩ ነበር። ክፍሉ ሁለት ነው። መምህሩ አራት ኪሎ ወደሚገኘው ትምህርት ቤቱ በእግሩ ይሄዳል፤ ባለቤቱም ከምትሠራበት ሆስፒታል ለመድረስ አንድ ታክሲ ይበቃታል። በ2005 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት ተመዝግበው በየወሩ ሲቆጥቡ ዕጣው አልወጣላቸውም፤ ልጆቹ ግን ዕጣ አልጠበቁም፤ አደጉ። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቁጠባቸውን፣ የባለቤቱ እኅት ከኩዌት ያበደረቻቸውንና ባንክ ሊያበድራቸው የሚችለውን ደምረው ቤት ፍለጋ ወጡ። የሚሸጠውን ቤት የሚያዩት ሁለቱም ከሥራ በሚያርፉበት ቀን፣ በእሑድ ነበር።

በመጀመሪያው እሑድ ወደ ሰሜን ወጡ። የጎጃም መንገድ ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ የእንጦጦን ትከሻ ይሻገርና ሱሉልታ ይገባል። ባሕር ዛፉ፣ ነፋሱ፣ የሯጮቹ ልምምድ፣ ሁሉም ዐይን የሚያሳርፍ ነው። እናትዬዋ ከመኪናው ሳይወርዱ ጋቢያቸውን ደርበው «ይኼ ለወተት ላም እንጂ ለቁርጥማት አይሆንም» አሉ፤ በዚሁ ተዘጋ። በሌላው እሑድ ደብረ ዘይትን፣ ቢሾፍቱን ማለት ነው፣ አዩ። አየሩ ለስላሳ፣ ሐይቁ ውብ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዳማ ፈጣን መንገድም አለ። ሆኖም ፈጣኑ መንገድ የሚጀምረው ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ መሀል ከተማ ያለው መንገድ የተለመደው መንገድ ነው። ወደ ምሥራቅ እንዳይሄዱ ደግሞ የመምህሩ ባልደረባ መከራቸው። እርሱ በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር በሐዲዱ ተማምኖ አያት የገባ ሰው ነው። ከጊዜ በኋላ ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ ዕጦት ሲቆሙ ሐዲዱ ቀረለት።

ልባቸው ያረፈው ሰበታ ላይ ነበር። ቤቱ ባለ ሦስት መኝታ፣ ከመሬት ያልተነሣ፣ ደረጃ የሌለው ነው። በጓሮው የኮክ ዛፍና የጎመን መደብ አለ። እናትዬዋ ጎንበስ ብለው አፈሩን በጣታቸው ፈተጉት፤ «እርጥብ ነው፤ ዝንጅብልም ያበቅላል» አሉ። ዝንጅብል በዚያ ደጋ ይበቅል እንደ ሆነ የጠየቃቸው የለም። አርባ ዓመት በቆርቆሮ ውስጥ ጤና አዳም ብቻ ያበቀለች ሴት ናትና ያ መደብ ርስት መስሎ ታያት። ደላላውም አጋጣሚውን አላለፈውም። «ጋሼ፣ ከዚህ ሜክሲኮ ግፋ ቢል 40 ደቂቃ ነው። ዛሬ ስትመጡ ስንት ፈጀባችሁ?» አለ። በርግጥም 40 ደቂቃ አልሞላም ነበር።

በከተማ ዳርቻ ቤት የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ካርታውን ነው፤ መምህሩም ጠየቀ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው። ነገር ግን በየዳርቻው በምስክር ፊት በተጻፈ ወረቀት ብቻ ከገበሬ የተገዛ ቦታ ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ባንክ ለብድር ዋስትና አይቀበለውም፤ መንግሥትም አያውቀውም። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ሌሎችም ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ሲመሠረት፣ ሕጋዊ ሰነድ የላቸውም የተባሉ እጅግ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ይህ የሰበታ ቤት ካርታ ነበረው። ሆኖም ደላላው ስለ ጎረቤቱ ቦታ ሲናገር «ባዶ መሬት ነው» ማለቱ መምህሩን ቅር አሰኘው፤ የተቀመጠበት የጤፍ ገለባ ገና አልበሰበሰም ነበርና። ባዶ የተባለው መሬት የአንድ ገበሬ ማሳ ነው። ከተማይቱንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች ሊያስተሳስር የታሰበው ማስተር ፕላን በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሥቶ፣ የብዙ ሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 የተሰረዘውም በዚሁ በማሳው ጥያቄ ነው። ቤት ፈላጊው ይህን ሁሉ በአንድ እሑድ አይፈታውም። ቢሆንም «ባዶ» የሚለውን ቃል አለመድገም ይችላል።

የመግዣው ውል ሊጻፍ ሳምንት ሲቀረው ባለቤቱ አንድ ሐሳብ አቀረበች። «ቤቱን በእሑድ አየነው፤ የምንኖርበት ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። አንዲት ሰኞ እንሞክረው» አለች። መምህሩ መጀመሪያ ሣቀ፤ ኋላ ግን ሐኪም ቤት የምትሠራ ሴት ሳይመረመር መድኃኒት እንደማታዝ ያውቃልና ተስማማ። እሑድ ማታ ልጆቹን ከአያታቸው ጋር ትተው ሰበታ በምትኖር የሥራ ጓደኛዋ ቤት አደሩ።

ጓደኛዪቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ቀሰቀሰቻቸው። 11 ሰዓት ሲሆን በጨለማው አስፋልት ዳር ሰልፍ ያዙ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ጸጥታው ግን የቤተ ክርስቲያን ነው። ሁሉም ተከናንቧል፤ አንዳንዱ ቆሞ ያንቀላፋል። የመንግሥት ሠራተኞች አውቶቡስ የሚጠብቁት በሌላ ወገን ቆመዋል። ከወዲያ ማዶ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ ሰበታ ፋብሪካዎች የሚመጡ ወጣቶች ከመኪና ይወርዳሉ። ይህ ትዕይንት ለአንድ ተውኔት የሚበቃ ነው፤ እዚህ የሚያድሩት እዚያ ይሠራሉ፣ እዚያ የሚያድሩት እዚህ ይሠራሉ፤ በመንገዱ ላይ ፊት ለፊት ይተላለፋሉ፣ አይተዋወቁም። ታክሲው ሲመጣ ሰልፉ ለአፍታ ተናወጠ፤ ረዳቱም «ሦስት ሦስት ሆናችሁ ተቀመጡ!» ብሎ በሩን ገፋው። እስከ ዓለም ገና ደኅና ሄዱ። ከዚያ ወዲያ የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱና ታክሲው ተደራርቦ፣ አየር ጤና ሲደርሱ ቆሞ ከሚያረፍድ ይልቅ ወርዶ በእግር መሄድን የመረጠ ሰው ብዙ ነበር። ጦር ኃይሎች ላይ ሌላ ሰልፍ፣ ሜክሲኮ ላይ ሌላ ሰልፍ።

መምህሩ በማስታወሻ ደብተሩ ሰዓቱን ይመዘግብ ነበር። ከትምህርት ቤቱ በር ሲደርስ ከጧቱ 1 ሰዓት ከ50 ሆኗል፤ ተማሪዎቹ ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፈዋል። ማታ 11 ሰዓት ላይ ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ሰበታ ሲገባ 1 ሰዓት ከ40 ሆነ። ሂሳቡ አስቸጋሪ አይደለም፤ በቀን 5 ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት 27 ሰዓት ተኩል። ይህ መምህር በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፤ አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነውና ተደምሮ 17 ሰዓት አይሞላም። እንግዲያስ በክፍል ውስጥ ከሚቆምበት ይልቅ በመንገድ የሚቀመጥበት ይበልጣል ማለት ነው። የሰው ሥራ ይህ ከሆነ ደመወዙን ሊከፍለው የሚገባው ትምህርት ቤቱ ነው ወይስ መንገዱ?

ይህን ሂሳብ በኩራት ለባለቤቱ አሳያት። እርሷ ግን አንድ ነገር እንደጎደለው ነገረችው። «አንተ ስትመለስ እራት ይቀርብልሃል። እኔ ስመለስ እራት እሠራለሁ። የማታ ተራ በሚደርሰኝ ሳምንት ደግሞ መቼ እንደምተኛ አስላልኝ» አለችው። መምህሩ ደብተሩን ዘጋ። በየዳርቻው ቤት ሲመረጥ የክፍሉ ቁጥርና የግቢው ስፋት በወንዶች አንደበት ይተነተናል፤ የመንገዱ ዕዳ ከፍ ያለ ድርሻ የሚወድቀው ግን ጎሕ ሲቀድ ምሳ ዕቃ ቋጥራ በምትወጣው ሴት ላይ መሆኑን የሚቆጥር ጥቂት ነው።

ችግሩ ግን በዚህ አላበቃም። ቀረብ ያለውና በአቅማቸው ልክ የሆነው የጋራ መኖሪያ ቤት ነው፤ የጋራ መኖሪያ ቤት ደግሞ ደረጃ አለው። ጀሞ የታያቸው የመጀመሪያው ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ አሳንሰር የለም። እናትዬዋ እስከ ሁለተኛው ወጥተው የብረቱን መደገፊያ ይዘው ቆሙ። «ልጄ፣ እኔ እዚህ ከወጣሁ የምወርደው አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም በሰው ትከሻ» አሉ። ከዚያ በኋላ በቤቱ ለሁለት ሳምንት ስለ ቤት አልተነሣም። መምህሩ እናቱን ካየ ሰበታ ይሻለዋል፤ ባለቤቱን ካየ ጀሞ። ሁለቱም ሴቶች «አንተ እንደ ወደድህ» ይሉታል፤ ይህ ቃል ደግሞ ከክርክር ሁሉ የከፋ መሆኑን ያገባ ሰው ያውቀዋል።

የቋጠሮውን ጫፍ ያገኘችው ባለቤቱ ናት። በሆስፒታሉ የምታገለግል ጽዳት ሠራተኛ በጀሞ የምድር ቤት የሚሸጥ ባለ ሁለት መኝታ ቤት መኖሩን ነገረቻት። ስፋቱ ከሰበታው ቤት እኩሌታ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። ኮክ ዛፍ የለም፤ መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያ ያያል። መንገዱ ከሰበታው እኩሌታ ግድም ነው፤ በሰኞም ሞከሩት። መምህሩ ከ12 ሰዓት በኋላ ቢነሣ ይደርሳል፤ ማታ ደግሞ ልጁ ሳትተኛ ይገባል። እናትዬዋ የጋራውን ማብሰያ ቤት፣ እንጀራ የሚጋገርበትን፣ ገብተው አዩት። ሦስት ሴቶች ምጣድ ጥደው ያወሩ ነበር። እርሳቸውም ተቀምጠው ሲያወሩ ቆይተው፣ ሲወጡ «ጭሱ መውጫ የለውም» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልተናገሩም። ይህ እሺታ እንደ ሆነ ሁሉም ተረዳ። ከያንያን የጋራ መኖሪያ ቤቶቹን መልክ የለሽ ሣጥን አድርጎ መተረብ ይቀናቸዋል፤ ትረባው ባይከፋም፣ በዚያ ማብሰያ ቤት ለአንድ ጧት መቀመጥ ደግ ነበር።

እናትዬዋ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ ከእድራቸው እንዳይወጡ። አርባ ዓመት የከፈሉበት ነው፤ ድንኳኑን የሚተክሉላቸው እነዚያ ናቸው። በጥር 2016 የቀበሌው ቤት ቁልፍ ተመለሰ፤ ቤተሰቡም ጀሞ ገባ። በዚያው ዓመት መጋቢት በፒያሳ ዙሪያ ያሉት ቤቶች መፍረስ ጀመሩና የእድሩ አባላት በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ የጡሩምባው ድምፅ የማይደርስበት ሁሉ ቤታቸው ሆነ። ለቅሶ አሁን የሚነገረው በስልክ ነው።

በግንቦት አንድ እሑድ ማታ ስልኩ ተደወለ። የጥንት ጎረቤታቸው፣ አብረዋቸው ቡና የጠጡ፣ ልጅ ያሳደጉ ሴት ዐርፈዋል፤ እድርተኛው በማግሥቱ ማለዳ ይሰበሰባል። መምህሩ «እማዬ፣ ኮንትራት ታክሲ ልጥራልሽ» ቢላቸው «ገንዘቡን ለእዝን ጨምረው» ብለው እንቢ አሉ። ሰኞ ጧት ጥቁር ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ በልጃቸውና በምራታቸው መካከል ሆነው ሰልፍ ያዙ። ፊት ለፊታቸው የነበረው ወጣት ዞር ብሎ አያቸው። «እማማ፣ ወደ ፊት ይለፉ» አለ። የፊተኛውም አሳለፋቸው፤ የዚያ ፊተኛም። የታክሲው በር ሲከፈት የመጀመሪያውን ወንበር ይዘው፣ በመስኮቱ ወደ ኋላ ልጃቸውን ፈለጉት። እርሱና ባለቤቱ ገና በሰልፉ መካከል ነበሩ።