ዳኛው አባቴ

የብሎካችን ሰዎች ለጠብና ለክርክር ዳኛ እንዲሆን እኔን ሊጠቁሙ አስበዋል ሲባል ሰማሁ። ስለ እምነታችሁ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ እሺ ከማለቴ በፊት ስለ አባቴ ላጫውታችሁ።

በእኛ አገር፣ ወሎ ገጠር ውስጥ፣ ዳኛ ድሮ በገበሬ አይመረጥም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው አዋጅ ቁጥር 90 ያቋቋመው አጥቢያ ዳኛ እስከ 25 ብር የሚደርስ ክርክር ይሰማ ነበር፤ በሰፈራችን ግን ዳኛውም ባለመሬቱም አንድ ሰው ነበሩና ጭሰኛ ከጌታው ቢጣላ አቤት የሚለው ለዚያው ለጌታው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ገበሬው ቢያንስ በ800 ሔክታር፣ ማለት በ20 ጋሻ መሬት ላይ ማኅበር እያቋቋመ፣ የሚፈርዱለትንም ከመካከሉ መረጠ። አባቴ ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ጭሰኛ ነበር። ከግራሩ ሥር ስሙ ሲጠራ እጅ ሁሉ ወጣ። ፊደል የቆጠረው ከየኔታ ዘንድ ብቻ ነው፤ ደመወዝም አልነበረውም።

በሁለተኛው ዓመት ታላቅ ወንድሙ «በሬህ የባልቴቲቱን ማሽላ በላ» ተብሎ ተከሰሰ። ዘመድ የሆነ ዳኛ ከችሎት መነሣት እንዳለበት እኔ ዛሬ አውቃለሁ፤ እሱ አልተነሣም። ምስክሮቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛውን ሰማ፤ ሁለተኛው ሊናገር ሲነሣ «ይበቃል» ብሎ በወንድሙ ላይ አራት ቁና ማሽላ ፈረደ። ሰዉ አጨበጨበ። ለወንድሙ እንኳ የማያዳላ ተባለ፤ በሚቀጥለው ምርጫም ስሙ ከሁሉ በፊት ተጠራ።

በልጅነቴ ይህን ስሰማ ደረቴ ይነፋ ነበር። ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቄ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ አጎቴ ሞተ። በሳልስቱ ማታ አባቴ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ እንዲህ አለኝ፤ «ያ ሁለተኛው ሰው በሬው የሌላ መሆኑን ሊናገር ነበር። እኔም ጠርጥሬያለሁ። ግን ዐይን ሁሉ እኔ ላይ ነው፤ ወንድሜን ነጻ ባወጣው ማን ያምነኛል?»

አጎቴ ከፍርዱ ቀን ጀምሮ ቤታችን ገብቶ እህል ቀምሶ አያውቅም።

እኔም እዚህ ዘመድ አለኝ፤ በውሃ ሰልፍ ያልተጣላ ቤተሰብ ደግሞ የለም። የዘመዴ ጉዳይ ሲመጣ ከወንበሩ እነሣለሁ፤ ምስክርም እስከ መጨረሻው ይሰማል። በዚህ ከተስማማችሁ እሺ። ደግሞ ምርጫው እጅ በማውጣት አይሁን፤ እጁን ማን አወጣ ማን አላወጣ እያልኩ የምፈርድ ዳኛ መሆን አልፈልግም። እሑድ ከቧንቧው አጠገብ ስንሰበሰብ ከራሽኔ ማሽላና ቦሎቄ ይዤ እመጣለሁ። የምትፈልጉኝ ማሽላ፣ የማትፈልጉኝ ቦሎቄ በጀሪካኑ አፍ ጨምሩ። ሲወድቅ ድምፁ እንዳይለይ ከታች ጨርቅ አደርግበታለሁ።