የኪኖሳኪ ውሃ የማን ነው?

ቶኪዮ ውስጥ ባንኮች በተሰበሰቡበት በኦቴማቺ ሰፈር፣ ሆሺኖያ የተባለ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ2016 ተከፍቷል። እንግዳው ደጃፉ ላይ ጫማውን ያወልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሊፍቱ ውስጥ ሳይቀር የሚረግጠው ታታሚ የሚባለውን የጃፓን ምንጣፍ ነው። መታጠቢያው 17ኛ ፎቅ ላይ ነው። ገላውን በሙቅ ውሃ ነክሮ ቀና ሲል ሰማይ ይታየዋል። ያ ውሃ የወጣው 1,500 ሜትር ያህል ከተቆፈረ ጉድጓድ ነው።

በ1948 የወጣው የጃፓን የፍል ውሃ ሕግ፣ ከምድር የወጣ ውሃ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ከተዘረዘሩት 19 ነገሮች አንዱ በበቂ መጠን ከተገኘበት “ፍል ውሃ” ይለዋል። ስለዚህ ፈቃድ ያገኘና ገንዘብ ያለው፣ በከተማ መሀልም ቢሆን የራሱን ምንጭ ሊያስቆፍር ይችላል። ሥራው ያስደንቃል። ይሁንና የጃፓንን የፍል ውሃ ባህል ከሥሩ ማየት የሚፈልግ ሰው ከኪዮቶ ባቡር ተሳፍሮ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዞ፣ በጃፓን ባሕር በኩል ያለችውን ትንሿን ኪኖሳኪን ማየት አለበት።

የኪኖሳኪ ሰዎች ስለ ምንጫቸው የሚያወሩት ታሪክ ጠበል ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ዶቺ የተባለ መነኩሴ ለሕሙማን ፈውስ 1,000 ቀን ሲጸልይ ቆይቶ፣ በ720 ሙቅ ውሃ ፈለቀለት ይላሉ። ዛሬ ከተማዋ በሰባት የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶቿ ትታወቃለች። ሲመሽ እንግዶች ዩካታ የተባለውን ስስ የጥጥ ልብስ ለብሰው፣ የእንጨት ጫማቸውን እያንኳኩ፣ አኻያ ዛፍ በተተከለበት ወንዝ ዳር ከአንዱ መታጠቢያ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። በየቤቱ ሥርዓቱ አንድ ነው፤ ወንዱ ለብቻ፣ ሴቷ ለብቻ፤ በትንሽ በርጩማ ተቀምጦ ገላን በሳሙና አጽድቶ ታጥቦ፣ ከዚያ ራቁትን ወደ ገንዳው መግባት። ሌላው ሰው የሚነከርበትን ውሃ ማቆሸሽ ነውር ነው።

ይህ የምሽት ሽርሽር ለቱሪስት ተብሎ የተፈጠረ ትርዒት አይደለም። ክርክር ተደርጎበታል።

በግንቦት 1925 የመሬት መንቀጥቀጥና እሱ ያስነሳው እሳት ኪኖሳኪን አወደሟት። ሕዝቡ ከተማውን መልሶ እየሠራ ሳለ፣ በ1927 አንድ የእንግዳ ማረፊያ በግቢው ውስጥ የራሱን የፍል ውሃ መታጠቢያ ሠራ። ዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ ጥፋቱ አይገባም፤ የገዛ ግቢው ነው፤ እንግዶቹንም ማስደሰት ፈልጓል። የከተማው ሰው ግን ተቆጣ። ውሃው የጋራ ነው፤ እያንዳንዱ ማረፊያ እንግዳውን በግቢው ካስቀረ የሕዝብ መታጠቢያዎቹ ባዶ ይቀራሉ፤ በየመንገዱ ያለው ባለሱቅም ገበያ ያጣል አሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በመካከል ጦርነት መጣ፣ ጃፓን ተሸነፈች፣ ክርክሩ ግን አላበቃም። በዕርቅ የተዘጋው በ1950፣ ከ23 ዓመት በኋላ ነው። ማረፊያዎች በግቢያቸው መታጠቢያ እንዲኖራቸው ተፈቀደ፤ መጠኑ ግን በልክ ተወሰነ። የፈለቀውም ውሃ ዛሬ በአንድነት ተጠራቅሞ በቧንቧ ለሁሉም ይከፋፈላል።

የኪኖሳኪ ሰዎች ከተማችን አንድ ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ ናት ይላሉ፦ ባቡር ጣቢያው መግቢያ በሯ፣ መንገዱ ኮሪደሯ፣ ማረፊያዎቹ መኝታ ክፍሎቿ፣ የሕዝብ መታጠቢያዎቹም መታጠቢያ ክፍሏ። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች፣ ሁሉም ለየራሱ ለመሮጥ በቂ ምክንያት በነበረው ጊዜ፣ ይህን ሐሳብ አለመልቀቃቸው ትልቅ ክብር ይገባዋል።

ጃፓን ጥንታዊ ሆቴል አላጣችም። በያማናሺ ተራሮች መካከል ያለው ኬዩንካን በ705 የተመሠረተ ሲሆን፣ ጊነስ በ2011 የዓለም አንጋፋው ሆቴል ብሎ መዝግቦታል። በሀኮኔ ያለው ፉጂያ ሆቴል ከ1878 ጀምሮ እንግዳ ይቀበላል፤ ቻርሊ ቻፕሊንም አርፎበታል። ሁለቱም ሊታዩ ይገባል።

ቢሆንም ጃፓን የመሄድ ዕድል የገጠመህ አንባቢ፣ በቅንጡ ሆቴሎች ከምታሳልፋቸው ሌሊቶች አንዷን ቀንሰህ ለኪኖሳኪ ስጣት። በጃፓን የብርድ ወራት የሚውለው የሸርጣን ወቅት ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው፤ ያን ጊዜ ከሄድክ ቦታ አስቀድመህ ያዝ። ያረፍክበት ቤት የመታጠቢያዎቹን ነጻ መግቢያ ይሰጥሃል፤ በክፍልህ ገንዳ ብቻ ሳትወሰን ወደ ውጭ ውጣ።