የጽሕፈት ቤት ረዳትን ስለ መምረጥ

ለቤቱ ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው አስቀድሞ ዋስ ይጠይቃል፤ ጠባዩንም ከሚያውቁት ሰዎች ይሰማል፤ ጥቂት ቀን አሠርቶም ያየዋል። በአዊ አገርም ፈረስ የሚገዛ ሰው በኮርቻው ጌጥ አይታለልም። ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ያያል፤ ሰኮናውን ይመረምራል፤ ከዚያም ሜዳ አውጥቶ ይጋልበዋል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር የሚታየው የፈረስ ውበት፥ ከእንዲህ ያለው ጥንቃቄ የተገኘ ነው። ለሠራተኛና ለፈረስ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፥ ደብዳቤያችንን የሚጽፍልንንና የልጆቻችንን ውጤት የሚመለከትልንን አዲስ ረዳት፥ ስሙ ስለ ገነነ ብቻ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ማስገባታችን ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

የምንናገረው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚባለውና በኮምፒውተር ላይ ስለሚሠራው ረዳት ነው። ኦፕን ኤ አይ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ቻት ጂፒቲን ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከከፈተ ወዲህ፥ የጉግል ጀሚናይ፥ የማይክሮሶፍት ኮፓይለት፥ የአንትሮፒክ ክሎድና ሌሎችም በየጽሕፈት ቤቱ ተዳርሰዋል። የሁሉም አሠራር በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። እጅግ ብዙ ከሆነ ጽሑፍ የቃላትን አካሄድ ተምረው፥ ለተጠየቁት ነገር ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ይመልሳሉ። ስለዚህ የመልሱ ማማር ለእውነትነቱ ዋስ ሊሆን አይችልም።

በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ባልደረቦቻችን “የትኛውን እንጠቀም?” ብለው በተነጋገሩ ጊዜ፥ ከስሙ ይልቅ ሥራውን እናስቀድም ብለን በሳምንት ውስጥ በኮምፒውተር የምንሠራውን በወረቀት ዘረዘርን። ቃለ ጉባኤ ማስተካከል፥ ለወላጆች ደብዳቤ መጻፍ፥ የፈተና ጥያቄ ማሰናዳት፥ ውጤት መደመር፥ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መመለስ ነበረ። ከዚህም ተነሥተን አራት ፈተና አወጣን።

የመጀመሪያው፥ መልሱን አስቀድመን የምናውቀውን ነገር መጠየቅ ነው። እኛ በአብነት ትምህርት ቤት የተማርነውን ባሕረ ሐሳብ ለዚህ ተገለገልንበት። የ2018 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7518 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፥ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ነው። መስከረም 18 እሑድ ስለ ዋለ የእሑድ ተውሳክ 7 ተጨምሮ መባጃ ሐመሩ 25 ይሆናል። እንግዲህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን፥ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ቀን ነው። ረዳቱ ይህን ስሌት ደረጃ በደረጃ ሲያወጣ የቱ ላይ እንደሚሰናከል በግልጥ ይታያል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ትክክለኛውን መልስ ከሰጠ በኋላ “ተሳስተሃል” ብሎ መሞገት ነው። ወዲያው ይቅርታ ጠይቆ እውነቱን የሚለውጥ ረዳት፥ ቃሉ የማይጸና ምስክር ማለት ነው። ባሕረ ሐሳብ የማያውቅ ሰው ደግሞ በሚያውቀው ሙያ ይፈትነው፤ የሒሳብ ሹም በመዝገቡ፥ ነርስም በሕክምና ትምህርቷ።

ሁለተኛው ፈተና የፊደልና የቋንቋ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉት በቀደሙት ፕሮግራሞች የተጻፈው ሰነድ ግን በላቲን ፊደል መለያ ላይ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ለረዳቱ ቢሰጡት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆንበታል፤ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ያስፈልገዋል። ደግሞም በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፥ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ይይዛል። ረዳቶቹም አማርኛን ይበልጥ ቆራርጠው ስለሚያነቡት፥ በነጻ የተፈቀደው ድርሻ በአማርኛ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል።

በእኛ ዞን ከዚህ የከበደ ነገር አለ። ሕፃናት በመጀመሪያ ደረጃ የሚማሩት በአውንጊ ነው፤ በኢንተርኔት ላይ የሚገኘው የአውንጊ ጽሑፍ ግን እጅግ ጥቂት ነው። አንዱ ረዳት በአውንጊ አጭር ተረት እንዲጽፍ ታዝዞ ያለ አንዳች ማመንታት ሙሉ ገጽ ጻፈ። ቋንቋውን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡት አንድ አረጋዊ መምህር ገጹን ተቀብለው ካነበቡ በኋላ፥ “ልጆቼ፥ ይህ የየት አገር ሰው ንግግር ነው?” ብለው ጠየቁ። ሳቅን፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። ነገሩን ባሰብነው ጊዜ እኛም ሳቃችን ጠፋ። እንዲህ ያለ ገጽ ተባዝቶ ወደ ክፍል ቢገባ፥ ሕፃኑ በታተመው ቃል አምኖ አያቱ ቋንቋዋን የተሳሳተች ይመስለዋልና።

ሦስተኛው ፈተና ምስጢር መጠበቅ ነው። በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ፥ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ማመልከቻ የሚያጽፍ ገበሬ ስሙን፥ የመሬቱን ወሰን፥ ከወንድሙ ጋር ያለውን ክርክር ሳይቀር ለጸሐፊው ይነግረዋል። ጸሐፊው ነገሩን እንዳለ ለረዳቱ ቢገለብጠው፥ የዚያ ቤተሰብ ጉዳይ ባሕር ተሻግሮ በማያውቀው ድርጅት መዝገብ ያድራል። በነጻ ከሚሰጡት አገልግሎቶች አንዳንዶቹ፥ ተጠቃሚው ከማስተካከያው ገብቶ ካልከለከለ፥ የተጻፈላቸውን ረዳቱን ለማሠልጠኛ ሊያውሉት ይችላሉ። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በስሙ ፈንታ “እገሌ” ተብሎ ይሰጥ፤ ስሙንና ቀበሌውን ጸሐፊው ኋላ በእጁ ይሙላ። የተማሪ ስምና ውጤትም እንዲሁ ነው።

አራተኛው ፈተና መብራትና ኔትወርክ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። በኔትወርክ ብቻ የሚሠራ ረዳት በእንዲህ ያለ ጊዜ ዲዳ ይሆናል። ኦላማ በተባለው ነጻ ፕሮግራም አማካይነት በራሱ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጡ ትንንሽ ረዳቶች አሉ፤ 8 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተርም ትንንሾቹ ይሠራሉ፤ የሰጧቸውም ጽሑፍ ከቤት አይወጣም። ነገር ግን አማርኛቸው ከታላላቆቹ እጅግ ያንሳል። ደግሞ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥበቃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፥ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ከረዳቱ በፊት የኮምፒውተሩን ደኅንነት ያስብ።

ከዚህ በኋላ ሥራውን አከፋፈልነው። ለደብዳቤ ረቂቅና ለትርጉም ሲሞግቱት እውነቱን ያልለቀቀውን ረዳት መረጥን። የውጤት ድምርን በኤክሴል ቀመር እንዲሠራ ለየነው፤ ቀመር አይገምትምና። አውንጊውን ለቋንቋው መምህራንና ለአረጋውያን ተውነው።

ወላጆች ሆይ፥ በቤታችሁ ኮምፒውተር ካለ ልጃችሁ ድርሰቱን በመጀመሪያ በራሱ እጅ ይጻፍ፤ ረዳቱን ቢጠይቅም ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ይሁን። የቢሮ ሹም የሆናችሁም፥ ከደብዳቤው ግርጌ የሚቀመጠው የእናንተ ስም ነውና፥ ሳታነቡ ማኅተም አታሳርፉ። ስሕተት በተገኘ ጊዜ ባለጉዳዩ በር አንኳኩቶ የሚጠይቀው ሰውን ነው።