የትናንቱ ብርሃን

ከላሊበላ ጉዞዬ የተረፉ 43 የተበላሹ ፎቶዎች አሉኝ። ያነሳሁት በመስቀል ቅርጽ የተጠረበውን ቤተ ጊዮርጊስን ነው፤ የሚታየው ግን ነጭ ነገር ነው፤ መስቀሉ ጠርዝ ጠርዙ ብቻ እንደ ጥላ ብቅ ይላል። ያየ ሰው ሁሉ «ለምን አታጠፋቸውም?» ይለኛል። አላጠፋቸውም። ፎቶ ማንሳትን ከማንም በላይ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። እስቲ ቡናችሁን ያዙና ስለነሱ እንጫወት።

ነገሩ የጀመረው ቤተ ማርያም ውስጥ ነው። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ውስጡ ጨለም ይላል፤ ብርሃን የሚገባው በትንንሽ መስኮቶች በኩል ነው። ፍላሽ ማብራት ደግሞ ነውር ነው፤ የሚጸልይ ሰው አለ፣ የዘመናት ሥዕል አለ። ስለዚህ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ንቃት) 3200 አድርጌ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ኤፍ 4 ላይ ከፍቼ፣ ትንፋሼን ይዤ አነሳሁ። ደህና ወጣልኝ። ደስ ብሎኝ ከዚያ ወጣሁና ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆምኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፀሐይዋ በርትታለች፣ ከእግሬ ሥር 12 ሜትር ያህል ወደ ታች የተጠረበው መስቀል ተዘርግቷል። እያነሳሁ ደጋገምኩት።

በእንዲህ ያለ ፀሐይ 3200 እና ኤፍ 4 ይዞ ለሚያነሳ ሰው ሹተሩ ተከፍቶ መቆየት ያለበት የሰከንድ አንድ ሃምሳ ሺህኛ ያህል ነው። የኔ ካሜራ ቢፈጥን ቢፈጥን 1/4000 ሰከንድ ነው። ከሚገባው 12 እጥፍ የሚሆን ብርሃን ገባበት ማለት ነው። የአለቱ መቅላት፣ ላዩ ላይ የተለጠፈው ቢጫ የድንጋይ ሽበት፣ ሁሉም ተቃጥሎ ነጭ ሆነ። ካሜራው እኮ ዝም አላለም። መመልከቻው ጥግ ላይ 4000 የሚለው ቁጥር ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ዓይኔ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ነበር።

ይህን ያወቅሁት ማታ ነው። ዲጂታል ካሜራ ፎቶ ባስቀመጠ ቁጥር አብሮ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ኤግዚፍ ይባላል። አይኤስኦው ስንት እንደነበር፣ አፐርቸሩ፣ ሹተሩ፣ ሰዓቱ ሳይቀር እዚያ ሰፍሮ ይገኛል፤ ስልክም ላይ የፎቶውን ዝርዝር ስትከፍቱ ይታያል። በፊልም ዘመን ይህን ማወቅ የፈለገ ሰው ደብተርና እርሳስ ይዞ መዞር ነበረበት። 43ቱን አንድ በአንድ ከፍቼ አነበብኩ፦ 3200፣ ኤፍ 4፣ 1/4000። ሁሉም አንድ ዓይነት። የተበላሸ ፎቶ ከነምክንያቱ ተጽፎ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ያማረው ፎቶ ለምን እንዳማረ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም።

ያን ማታ የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ ካሜራ የትናንቱን ብርሃን ይዞ ያድራል። እኛ ከጨለማ ወደ ፀሐይ ስንወጣ ዓይናችን ወዲያው ይለምደዋል፤ ካሜራው ግን ያስቀመጥንበት ቦታ ላይ ነው የምናገኘው። የእናቴ ጽጌረዳም የደረሰባት ይኸው ነው። የዘመድ ሠርግ ላይ፣ አዳራሹ በአምፖል ቢጫ ስለነበረ፣ ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) የአምፖል ምልክት ላይ አድርጌ አመሸሁ። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ግቢ ውስጥ፣ ከጤና አዳሙና ከበሶብላው መሀል ቀይ ጽጌረዳዋ ፈክታ አገኘኋትና አነሳኋት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ስክሪኑን ጠጋ ብላ አየችው። «ይቺ የኔ አበባ አይደለችም» አለች። ልክ ነበረች። ቅጠሉም፣ አበባውም፣ አፈሩም ሰማያዊ ሆኗል። የአምፖል ብርሃን ቢጫነት ስላለው ካሜራው ያን ለማካካስ ሰማያዊ ይጨምራል፤ ደጅ ስትወጡም መጨመሩን አይተውም።

ከዚህ ዓይነቱ ስህተት መዳን ቀላል ነው፤ ማታ ካሜራውን ከማስቀመጥ በፊት ሁሉንም ወደ ቦታው መመለስ ነው። የሚቀጥለው ግን ከመርሳት የመጣ አይደለም፣ ለኛ አገር አንሺ ደግሞ ዋናው ይመስለኛል።

ቁጥሮቹን ካስተካከልኩ በኋላ፣ በሌላ ቀን፣ ቤተ ጊዮርጊስ መግቢያ አጠገብ አንዲት እማሆይ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። «እማሆይ፣ ፎቶ ባነሳዎት ይፈቅዱልኛል?» አልኳቸው። «አንሳኝ ልጄ፤ ብቻ አሳየኝ» አሉ። ቀረብ ብዬ አነሳሁና አሳየኋቸው። የለበሱት ነጠላ እንደ በረዶ የነጣ ነው፤ ስክሪኑ ላይ አመድ መስሏል። ፊታቸው ከአፍንጫቸው በቀር አይለይም። ምንም አላሉም፤ ነጠላቸውን ብቻ በእጃቸው ዳበስ አደረጉት።

ካሜራ ነጠላ ነጭ መሆኑን አያውቅም። የብርሃን መለኪያው የተሠራው የሚያየው ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው። ፍሬሙን ነጭ ልብስ ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ነጠላው አመድ ይሆናል፣ ከነጠላው ውስጥ ያለው ጠይም ፊት ደግሞ አብሮ ይጨልምና ይጠፋል። ገና በዓል ላይ ቤተ ማርያም ዙሪያ ነጭ የለበሰውን ምዕመን ያነሳ ሰው ይህን ያውቀዋል። መፍትሔው መደመርና መቀነስ ያለበት ቁልፍ ነው፤ ወደ +1 ስትወስዱት ነጠላው ይነጣል፣ ፊቱም ይመለሳል። ሰውየውን ከፀሐይ ወደ ጥላ ካመጣችሁት ደግሞ ሁለቱም ይስማማሉ። ስልክ የያዛችሁ፣ ስክሪኑን ፊቱ ላይ ነካ አድርጉና የብርሃን ማስተካከያውን ወደ ላይ ሳብ አድርጉት።

ስለ ጠይም ፊት ካነሳን አይቀር፣ ፊልም አምራቹ ኮዳክ፣ የፎቶ ማጠቢያ ላቦራቶሪዎች ቀለም የሚያስተካክሉበትን ካርድ ያሰራጭ ነበር። ለብዙ ዓመታት ካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ስሙም «ሸርሊ» ይባል ነበር። የቀለም ፊልም ላይ የጥቁር ሰው ፊት ዝርዝሩ ይጠፋ የነበረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ የወገናችንን ፊት በትክክል ማውጣት ለማሽኑ ብቻ የሚተው አይደለም፤ አንሺው ራሱ ኃላፊነቱን መውሰድ አለበት። እማሆይን +1 አድርጌ፣ ጥላ ውስጥ ደግሜ አነሳኋቸው። በዚህኛው የነጠላው ጥለት ይቆጠራል፣ ዓይናቸው ያበራል። «አሁን እኔ ነኝ» አሉ።

ካሜራን የሚያሳስተው ነጭ ብቻ አይደለም፤ አደይ አበባ ደግሞ ሌላ ናት። ቢጫዋ በጣም ስለሚያይል ፎቶው በጠቅላላ ልክ መስሎ እያለ የቀዩ ቀለም መዝገብ ብቻውን ሞልቶ ይፈሳል። ያኔ የአበባዋ ቅጠሎች ሥር መሰል መስመሮች ይጠፉና አበባዋ የተቀባ ቢጫ ወረቀት ትመስላለች። ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ግራፍ) በየቀለሙ ከፍላችሁ እዩት፤ ቀዩ ቀኝ ጠርዝ ላይ ከተለጠፈ ትንሽ ቀንሱ፣ −0.7 አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ቀጭኗ ግንድ በትንሽ ነፋስ ስለምትወዛወዝ ሹተሩን ከ1/500 አታውርዱት። ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ነፋሱም ረጋ ይላል፣ ብርሃኑም ለስላሳ ነው።

አደይ የምትቆየው ጥቂት ሳምንት ነው፤ የተበላሸባችሁን ለማረም ዓመት መጠበቅ ይኖርባችኋል። እስቲ ዛሬ ማታ ካሜራችሁን ከቦርሳው አውጡና ቁጥሮቹ የት ላይ እንዳደሩ እዩልኝ።