የበረቱ መሬት

ፎገራ ከጣና ባሕር በስተ ምሥራቅ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ከደጋው ወርደው በዚህ ሜዳ ያልፉና ወደ ጣና ይገባሉ። በክረምት ሲሞሉ ከዳርቻቸው ወጥተው በሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ውኃው ሲሸሽም ጥቁር ደለልና ለምለም ሣር ትቶ ይሄዳል። ልጆች ሆይ፤ የፎገራ ላም ስሟ በአገሩ ሁሉ የተሰማው በዚህ ሣር ምክንያት ነው። ቀንዷ አጭር ነው፤ መልኳም ብዙውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ቡሬ ነው፤ ረግረጉንም ዝንቡንም ትችላለች፤ ወተቷም ከብዙዎቹ ያገራችን ላሞች ይበልጣል።

እኔ የተወለድሁት ከወረታ ከተማ ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። አያቴ የብዙ ከብት ጌታ ነበሩ። ከብቶቻቸውን በቍጥር ሳይሆን በስም ያውቋቸው ነበር፤ እንግዳ ሰው «ስንት ናቸው?» ብሎ ቢጠይቃቸው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ከብት ለእርሳቸው ወተት ብቻ አልነበረም። ልጅ ሲዳር የሚሰጠው ከብት ነው፤ ክፉ ዘመን ሲመጣ የሚሸጠው ከብት ነው፤ ጐረቤት ወልዳ ወተት ስታጣ የምትታለብላት ላም ናት። ቅቤው ለቤቱ፤ ኩበቱ ለእሳት፤ ቆዳው ለመኝታ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚሰጥ ሌላ ምን ሀብት አለ?

ነገር ግን ከብት ያለው ቤት እረኛ ያስፈልገዋል፤ እረኛውም ልጅ ነው። እኔ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ጥጆች ጠበቅሁ፤ በስምንት ዓመቴ ላሞቹን ሁሉ ተረከብሁ። ማለዳ እወጣለሁ፤ ሲመሽ እመለሳለሁ። የመንደራችን ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው በሜዳው ሲያልፉ አያቸው ነበር። አንድ ቀን ከእነርሱ አንዱ ስሜን በእንጨት ጫፍ በጭቃው ላይ ጽፎ አሳየኝ። ጥጃ ረገጠውና ጠፋ፤ ልጁም ደግሞ ጻፈው። ከዚያ ቀን በኋላ ልቤ ከመንጋው ጋራ አልዋለም።

በዚያው ጊዜ ሣሩ ራሱ እየጠበበ ነበረ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በፎገራ ሩዝ መዘራት ተጀምሮ ነበርና፤ ቀድሞ «ይህ ረግረግ ከሣር በቀር ምንም አያበቅልም» ይባል የነበረው መሬት እህል የሚሰጥ ሆነ። ስለ ሩዝ ክፉ አልናገርም፤ ብዙ ቤት አጥግቧል። ይሁን እንጂ ሩዝ በቆመበት ቦታ ላም አትሰማራም። ከዓመት ወደ ዓመት የግጦሹ ዳርቻ እየታረሰ ሄደ። ላሞቻችን ሣር ፍለጋ እስከ ጣና ዳር ይሄዱ ጀመር፤ ሲርባቸውም ከሰው ሩዝ ይገባሉ። አባቴ በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ካሣ ከፈለ። ወተቱም ቀነሰ፤ ሩቅ የሚሄድ ከብት የበላውን ሣር በመንገድ ይጨርሰዋልና።

በ1994 ዓ.ም. ከመስቀል በኋላ አባቴ በቤተ ሰቡ ፊት ተነሥቶ አሳቡን ተናገረ። ሁለቱን የእርሻ በሬዎች አስቀርቶ የቀሩትን ከብቶች ለመሸጥ፤ በዋጋቸውም የውኃ መሳቢያ ሞተር ገዝቶ በበጋ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም ለማልማት የአያቴን ፈቃድ ለመነ።

አያቴ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም፤ «ሽንኩርት ወጥ ይሠራል እንጂ ለሕፃን ወተት አይሆንም። ክፉ ቀን ሲመጣ ላምህን ትሸጣታለህ፤ ሽንኩርትህን ምን ታደርገዋለህ?» አሉት።

አባቴም፤ «አባባ፤ አንቱ የሚያውቁት ሣር ዛሬ የለም። ከብቶቹን ብናቆያቸው ከስተው ያልቃሉ። ልጆቹም እንደ እኔ ፊደል ሳይለዩ ይቀራሉ» ብሎ መለሰ።

ነገሩ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ። በመጨረሻ አያቴ አንዲት ላም ትቅር ብለው ፈቀዱ፤ የምትቀረውንም እናቴ እንድትመርጥ ሆነ። ሁላችንም ወተተኛይቱን ቡሬን ትመርጣለች ብለን ነበር። እናቴ ግን ሸጋዬ የምትባለውን፤ ወተቷ መካከለኛ የሆነውን ላም መረጠች። «ይህች ታስራ ስትበላ አትቆጣም። ከእንግዲህ የምትሰማራ ላም ሳይሆን የምትታሰር ላም ነው የምንይዘው» አለች። እንደ እኔ አስተያየት፤ የሚመጣውን ኑሮ ከሁላችን አስቀድማ የተረዳችው እርስዋ ናት።

የቀሩት በወረታ ገበያ ተሸጡ። እኔ እረኝነቱ ስለ ቀረልኝ ደስ አለኝ፤ ታናሽ ወንድሜ ግን የተሸጠውን ጥጃ ተከትሎ እስከ ዋናው መንገድ እያለቀሰ ሄደ። አያቴም ያን ቀን እራት አልበሉም።

አባቴ የመጀመሪያውን ሽንኩርት የተከለው በባዶው በረት ላይ ነው። ከአጠገቡም ጕድጓድ ቈፈረ፤ በፎገራ የምድር ውኃ ቅርብ ነው። ሽንኩርት እንዴት እንደሚለማ ልንገራችሁ። ዘሩ መጀመሪያ በትንሽ መደብ ላይ በመስመር ተዘርቶ በደረቅ ሣር ይሸፈናል፤ ቡቃያው ብቅ ሲል ሣሩ ይነሣል። ከሰባት ሳምንት ያህል በኋላ ችግኙ የእርሳስ ውፍረት ሊያህል ሲቃረብ ወደ ዋናው መሬት ይዛወራል። የእኛ አፈር ጥቁርና ከባድ ስለ ሆነ መደቡ ከፍ ይላል፤ ውኃውም በመካከሉ በተበጀው ቦይ ይሄዳል። ቅጠሉ መድረቅና መተኛት ሲጀምር ውኃው ይቆማል፤ ውኃ የጠገበ ሽንኩርት ቶሎ ይበሰብሳልና። ከተነቀለም በኋላ አንገቱ እስኪደርቅ ድረስ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ይዘረጋል። ዘሩም ከአንድ ዓመት በላይ ቢቀመጥ ብዙው አይበቅልም፤ ስለዚህ በየዓመቱ አዲስ ዘር ማግኘት ያስፈልጋል።

የዚያ ዓመት ሽንኩርት እንደ ጡጫ ትልልቅ ሆነ። በሚቀጥለው መስከረም እኔና እኅቴ ትምህርት ቤት ገባን። እኔ ዐሥር ዓመቴ ነበረ፤ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ረዥም ስለ ነበርሁ ከኋላ ተቀመጥሁ። ሥራ ግን አልቀረልንም፤ ከትምህርት ስንመለስ አረም እናርማለን። ሽንኩርት ቅጠሉ ቀጭን ስለ ሆነ አረምን በጥላው ማሸነፍ አይችልም፤ የሚያርመው ሰው ጕልበት ነው።

በሦስተኛው ዓመት የአያቴ ጥያቄ መጣ። ጐረቤቶቻችን ሁሉ እንደ እኛ ተክለው ነበርና ምርቱ በአንድ ሰሞን ገበያ ወጣ፤ ዋጋውም ወደቀ። ላም ገበያ ብታጣ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ የበሰለ ቲማቲም ግን ሁለተኛ ገበያ አይጠብቅም። አባቴ የቀረውን ቲማቲም ግማሹን ለጐረቤት አደለ፤ ግማሹን ሸጋዬ በላችው። ከዚያ ወዲህ ሁሉን በአንድ ቀን አይተክልም፤ ከፊሉን አስቀድሞ፤ ከፊሉን ዘግይቶ ይተክላል። ነጭ ሽንኩርትም ጨመረ። በበረቱ ዳር ዳርም የፍሬ ዛፍ ተከለ፤ እነርሱም ማንጎ፤ ዘይቱን፤ ሎሚና ፓፓያ ናቸው።

አያቴ እነዚህን ዛፎች በተሸጡት ላሞች ስም ጠሯቸው። ዘይቱኑ ቡሬ ትታሰርበት በነበረው ካስማ አጠገብ ስለ ተተከለ ቡሬ ተባለ፤ ማንጎው ወርቄ ተባለ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዞቹ ከልማዳቸው በላይ ሞልተው ፎገራን አጥለቀለቁት፤ ብዙ ሰውም ከቤቱ ተፈናቀለ። እኛም ከፍ ወዳለ ቦታ ወደ ዘመድ ሸሸን። በተመለስን ጊዜ ፓፓያዎቹ ሥራቸው በስብሶ ወድቀው አገኘናቸው፤ ፓፓያ ውኃ የተኛበትን መሬት አይችልምና። ዘይቱኑ ግን ቆሞ ነበረ። አያቴም፤ «ቡሬ ድሮም ረግረግ አትፈራም» አሉ። ከብቶቹ ከተሸጡ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ከጐርፉም ከገበያውም ይልቅ ያስጨነቀን ግን ሌላ ነገር ነው። ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ የበረቱ ሽንኩርት እያነሰ ሄደ። ውኃው አልጐደለም፤ ዘሩም አዲስ ነበረ። አባቴ ማዳበሪያ ገዝቶ ጨመረ፤ ወጪው በዛ እንጂ ሽንኩርቱ እንደ ቀድሞው አልሆነም። እናቴም አፈሩን በእጇ ዘግና ተመለከተችና፤ «ሽንኩርቱ እስከ ዛሬ የበላው የአባባን ከብቶች ነው፤ አሁን አልቀውበት ነው» አለች።

እውነትዋን ነበረ። በዚያ በረት ስንት ዘመን ሙሉ አዛባ ሲጣልበት ኖሯል፤ እኛ ግን ሰባት ዓመት ስንወስድ ያህል ለመሬቱ የመለስንለት ጥቂት ነው። የሸጋዬን አዛባ እናቴ ኩበት ጠፍጥፋ ታነደው ነበር፤ ለእሳት የሄደ ደግሞ ለመሬት አይሄድም። ታዲያ ኩበት ከቀረ እንጀራ በምን ይጋገር? ይህ ቀላል ጥያቄ አይምሰላችሁ፤ ከቤቱ ወንዶች ማንም አስቦት አያውቅም ነበር። በመጨረሻ በቦዩ ዳር ሰስባንያ የሚባል ቍጥቋጦ ተከልን። ቅጠሉ ለላሚቱ መኖ፤ እንጨቱ ለምድጃ ማገዶ ይሆናል፤ ሥሩም እንደ ባቄላ ሥር መሬት ያለማል። አዛባውንም ከሩዝ ገለባ ጋራ በጕድጓድ እናበሰብሰው ጀመር፤ ሳይበሰብስ የተጣለ እንደ ሆነ ችግኝ ይጎዳል፤ የአረም ዘርም ይዞ ይገባልና። ከሁለት ዓመት በኋላ ሽንኩርቱ ወደ ልኩ ተመለሰ።

አያቴ ዛሬ በሕይወት የሉም። በ2004 ዓ.ም. እንቦጭ የሚባል መጤ አረም በጣና ላይ ታየ፤ የባሕሩንም ዳርቻ ሸፍኖ የቀረውን ግጦሽ አጠበበው። የፎገራ ላም ዘርዋ እንዳይጠፋ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ በአንዳሳ የከብት ምርምር ማዕከል ይሠራል። በመንደራችን ግን መንጋ የነበራቸው ብዙ ቤቶች ዛሬ አንዲት ላም የላቸውም፤ ወልዳ ወተት ያጣች ሴትም ወተት ለመግዛት ሰው ወደ ወረታ ትልካለች። ስለ ሽንኩርት ትርፍ ስንነጋገር ይህን የሚቈጥረው የለም።

ጥጃውን ተከትሎ ያለቀሰው ወንድሜ ዛሬ እርሻውን የያዘ እርሱ ነው። የሸጋዬን ልጆች ሦስት ላሞች በዛፎቹ ጥላ ሥር አስሮ ይቀልባል። አባቴ ዓምና የተወለደችውን ጊደር ሸጦ አዲስ ሞተር ለመግዛት ይፈልጋል፤ አሮጌው ነዳጅ ይፈጃልና። ወንድሜ ግን አይሆንም ብሎ፤ ጊደሯ አድጋ የምትሰጠው ወተት ስንት ብር እንደሚያወጣ፤ አዛባዋም ለስንት መደብ እንደሚበቃ በደብተር አስልቶ አቀረበለት። አባቴ ማንበብ ስለማይችል ደብተሩን በሌላ አገር ለማስተምረው ለእኔ ላከና፤ «ልክ መሆኑን ተመልከትልኝ» አለኝ። ሁለት ጊዜ ደመርሁት። ድምሩ ልክ ነው፤ ወንድሜ ግን የመኖውን ዋጋ አልጻፈም።