የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ

ለቪዛ ጠያቂዎች የሂሳብ መግለጫ እያተምኩ፣ ማኅተም እያሳረፍኩ ከሐዋሳ ሳልወጣ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ዓመት ግን የራሴን አትሜ ለሥራ አስኪያጃችን አስፈረምኩ። ሮም የምትኖረው ታላቅ እህቴ ቲኬቱን ቆርጣልኝ ነበር። እናታችን በበኩሏ ከበርበሬውና ከጥሬ ቡናው ጋር አንድ ቃል አሸከመችኝ፦ «በቃሽ፣ ነይ በላት።»

እህቴ አንዲት አረጋዊት ትጦራለች። ዕረፍቷ እሑድና ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሐሙስ ማለዳውንም አስፈቅዳ «የት ልውሰድህ?» ስትለኝ፣ «ቫቲካን» አልኳት።

ውድ አንባቢ፣ ቫቲካን እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ ሉዓላዊት አገር ናት፤ ስፋቷ ግን ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። የሐዋሳ ሐይቅ እሷን የመሰሉ መቶ አገሮችን ቢውጥ አይጠግብም (ምሳሌው ለክፉ አይሁን)። በቪዛ ወረቀት ስንገላታ ለከረምኩት ለእኔ፣ ወሰኗ አደባባዩ ላይ የተሰመረ ነጭ መስመር ብቻ ሆኖ መገኘቱ ገረመኝ። ተሻገርኩት። ፓስፖርትህን ያለኝ አልነበረም።

አስቀድመን 551 ደረጃ ወጥተን ከቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ላይ ቆምን። ከታቦር ተራራ ሐዋሳን ከነሐይቋ ጠቅልሎ ማየት ለምጃለሁ፤ አንድን አገር ከነአጥሩ ከእግሬ ሥር ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ከፊት ለፊት አደባባዩን የሚያቅፉት ዓምዶች፣ ከዚያ ወዲያ የቲቤር ወንዝና የሮም ጣሪያዎች፤ ከጀርባ አረንጓዴ የአትክልት ሥፍራ። እኔ ግን ዓይኔ የሚፈልገው ከታላቁ ባዚሊካ ጀርባ የተሸሸገችውን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነበር። «ያቻት፣ የእኛ ናት» አልኳት። እህቴ ሳቀች። አሥራ አንድ ዓመት ሮም ስትኖር አልሰማችም።

ከሰዓታት በኋላ ከአስጎብኚ ጋር በአጠገቧ አለፍን። በሩ ዝግ ነበር። በእብነ በረዱ መቃን አናት ላይ መስቀል የያዘ በግ ተቀርጿል። ስሟ «ሳንቶ ስቴፋኖ ደሊ አቢሲኒ»፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1479 ጳጳሱ ሲክስቶስ 4ኛ ለኢትዮጵያውያን ሰጧት፤ ከኢየሩሳሌም ተሻግረው የሚመጡ መነኮሳት ያርፉባት ጀመር። ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ ግዕዝን ከእነርሱ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን ሮም ውስጥ አሳተመ። ፊደላችን ማተሚያ ቤት የገባው ያን ጊዜ ነው።

አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ ነበሩ። የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ናቸው፤ አገሩ በግራኝ አህመድ ጦርነት ሲታመስ እዚህ ደርሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ስለ ስሕተቱም አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ፊደል ለቃሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፣ እሳቸውና ወንድሞቻቸው ደግሞ ፊደል መልቀም አያውቁም ነበርና። ይህን በአስተርጓሚነት ሳወጋት፣ «ገና አልበሰሉም» እያልኩ በመሳቢያ የቆለፍኩባቸው ግጥሞቼ ትዝ ብለውኝ አፈርኩ።

«ከዚያስ? አገራቸው ተመለሱ?» አለችኝ እህቴ።

«አልተመለሱም። እዚሁ ጣልያን ውስጥ አረፉ።»

ዝም አለች። አስጎብኚዋ ወደ ሌላ ፏፏቴ እየጠራችን ነበር፤ እህቴ ግን ከተዘጋው በር ፊት ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ጎንበስ ብላም ደጃፉን በጣቷ ነክታ ጣቷን ሳመችው። ፎቶ ላንሳሽ ስላት በእጇ ከለከለችኝ።

የእናታችን ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ጠዋት ቡና ላይ ልነግራት ነበር፤ ከጉልላቱ ላይም እንዲሁ። ከዚያ በር ፊት ቆሞ ግን እንዴት ይባላል?

አመሻሽ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ደጋግማ ሰዓቷን ታያለች፤ አረጋዊቷ መድኃኒት የሚወስዱበት ሰዓት ደርሷል። ድንገት ዞር ብላ፣

«እማዬ ምንም አላለችኝም?» አለች።

«ቡናው ሳይነፍስበት ቁዪው ብላሻለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

አየችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።