ዝም ማለት የሚገባው ሣጥን

ከበሮ ሲመታ እየሰማ ያደገ ሰው፥ እንጨት የሚከበረው ድምፅ ስለሚሰጥ ነው ቢል አይፈረድበትም። የከበሮ ገላ እንደ ባህሉ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ስለ ሆነ መጋጠሚያ የለውም፤ ሙጫም አይሻም፤ ቆዳው በተመታ ጊዜ እንጨቱና በውስጡ ያለው አየር አብረውት ይናገራሉ። የድምፅ ማጉያ ሣጥን ግን ከዚያው እንጨት ቢሠራም ጠባዩ የተገላቢጦሽ ነው። መናገር የሚገባው በፊቱ የተተከለው ማጉያ ብቻ ነውና፥ ሣጥኑ ከራሱ አንዳች የጨመረ እንደ ሆነ የምንሰማው ዘማሪውንና ሳንቃውን በአንድነት ነው።

አባቴ ለብዙ ዘመን ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አሁን ጉልበታቸው ደክሞ ማሕሌት መቆም ስላቃታቸው፥ የልጅ ልጆቻቸው በስልክ ቀድተው የሚያመጡላቸውን በቤት ሆነው ይሰማሉ። ከገበያ የገዛንላቸው ሣጥን ግን ዜማው ዝቅ ባለ ቁጥር ይንዘረዘር ነበርና አንድ ቀን፥ «ልጄ፥ ይህ ከመሪው ጋር የሚያጉረመርመው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከፍቼ ባየው ማዕዘኖቹ በቀጫጭን ሚስማርና በጥቂት የሙጫ ጠብታ ብቻ ተይዘዋል። የዜማን ልክ ለሚያውቅ ጆሮ እንዲህ ያለው ጭማሪ ሕመም ነው፤ ስለዚህ ሌላ ልሠራላቸው ተነሣሁ።

ማጉያው ወደ ፊት ሲገፋ የፊቱ አየር ይታመቃል፥ የኋላው ይሳሳል፤ ሁለቱ ያለ ከልካይ የተገናኙ እንደ ሆነ ዝቅተኛው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሣጥን ያስፈለገውም ለዚህ ነው። አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር እ.ኤ.አ. በ1954 ኤ.አር. 1 በተባለው ማጉያ ሣጥኑን ግጥም አድርጎ ዘጋና በውስጡ የታሰረው አየር ራሱ እንደ ሞላ እንዲያገለግል አደረገ። እንዲህ ባለው ሣጥን ከመጋጠሚያው አየር ያፈሰሰ እንደ ሆነ ያፏጫል፥ ሞላውም ይላላል።

ስለ ሙጫው፥ አናጢዎቻችን ኮላ የሚሉት ነጩ ሙጫ፥ ማለት ፖሊቪኒል አሲቴት፥ ለዚህ ሥራ ይበቃል ባይ ነኝ። ውሃው ወደ እንጨቱ ሰርጎና ተንኖ ሲያልቅ የቀረው ቀጭን ሽፋን በደንብ በተገጠመ ሳንቃ ላይ ከእንጨቱ ይልቅ ይጠነክራል። ነገር ግን ክፍተት አይሞላም፤ መጋዙ ያጣመመውን ጠርዝ ኮላ ያቀናዋል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነው። በሞርሳ ሲጠበቅ ከመጋጠሚያው ዳር እስከ ዳር ሳይቋረጥ ጥቂት ጥቂት ብቅ ማለቱ አየር እንደማያልፍ ምልክት ነው። አንድ ሰዓት ያህል ተጠብቆ ከቆየ በኋላ 24 ሰዓት ሳይነካ ይተዉታል። ማስቲሽ እንደ ጎማ ለስላሳ ሆኖ ስለሚቀር ጨርቅ ለመለጠፍ ካልሆነ በቀር ማዕዘን አያምኑበትም። አረፋ እያወጣ የሚያብጠው ፖሊዩሪቴንም ቀዳዳውን የሞላ ይመስላል እንጂ አረፋው ጉልበት የለውም። ክፍተት የግድ ከሆነ ከሁለት ዕቃ ተቀላቅሎ የሚደርቀው ኢፖክሲ ይሻላል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል።

ሳንቃውን 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ኤምዲኤፍ ቈረጥሁት። የዚህ ጠርዝ ኮላን እንደ ስፖንጅ ስለሚጠጣ አስቀድሞ በስሱ ቀብቶ ጥቂት ማቆየት፥ ከዚያም ደግሞ መቀባት ያስፈልጋል። ጠርዝን በጠርዝ ላይ አስጠግቶ ብቻ መለጠፍ ይያዛል፤ እኔ ግን የአንዱን ሳንቃ ጠርዝ እስከ ግማሽ ውፍረቱ እንደ ደረጃ አንሥቼ ሌላውን በዚያ ላይ ማስቀመጡን መረጥሁ። ሙጫው የሚይዝበት ስፍራ ይሰፋል፥ ሳንቃውም ሲጠበቅ አይንሸራተትም፥ አየሩም ሊያመልጥ ቢፈልግ መታጠፍ አለበት። በ45 ዲግሪ የተቈረጠ ማዕዘን ለዓይን ያምራል፤ በሚጠበቅበት ጊዜ ግን እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል።

ዋንዛ እወዳለሁ፤ አባቴም በዋንዛ ይሁን ብለው ነበር። ሆኖም ወጥ ሳንቃ በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሸበሸባል፤ ከማይንቀሳቀስ ኤምዲኤፍ ጋር በኮላ ቢታሰር አንዱ ወቅት ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ከላይ በስሱ የተላገ የዋንዛ ልባስ ብቻ አለበስሁት። በውስጡም ሁለቱን ጎኖች የሚያያይዝ አግዳሚ አስገባሁ፤ ከመካከል ጥቂት ፈቀቅ ብሎ የተተከለ እንደ ሆነ ከላይና ከታች የቀረው ሳንቃ ስፋቱ ስለሚለያይ በአንድ ድምፅ አብሮ አይንቀጠቀጥም።

የኋላውን ክዳን ግን በሙጫ አልዘጋሁትም። ማጉያው ከእንጨቱ አስቀድሞ ስለሚያረጅ መከፈት አለበት፤ በዙሪያው ቀጭን የስፖንጅ ጥብጣብ አድርጌ በስምንት ብሎን አጠበቅሁት። ፈተናውም ቀላል ነው፦ የማጉያውን ወረቀት በጣቶች በዝግታ ወደ ውስጥ ገፍቶ መልቀቅ። ቶሎ ከተፈናጠረ አየር የሚያፈስ ስፍራ አለ፤ የአባቴ ሣጥን ግን ቀስ ብሎ፥ እያመነታ ተመለሰ።